ቃሪያን የማናደድ ጨዋታ

ወንድሜ ጎማ ይጠግናል። ስሙን የሚጠራው ሰው ግን የለም፤ ከሾፌር እስከ ባለሱቅ ሁሉም «ይሁን» ብሎ ነው የሚጠራው። ተራ ሲጋፉበት «ይሁን»፣ መኪና በሩ ላይ ገትረው መንገድ ሲዘጉበት «ይሁን»፣ መሣሪያ ተውሰው ሰብረው ሲመልሱለት «ይሁን» ስለሚል ነው። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። ከጎማ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል የስፌት መኪናዬን በሩ አጠገብ አስጠግቼ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ የተቀደደ እሰፋለሁ። ሾፌሮቹ እኔን «ሳጅን» ይሉኛል። ይበሉኝ። ስለ ወንድሜ የማወራው ተናድጄ ነው፤ በእርጋታ የሚተርክ ከፈለጋችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

የወንድሜን ዝምታ የሚያደንቁ ሰዎች ዝምታው ከየት እንደመጣ አያውቁም። አባታችን እጁ ፈጣን ነበር። ወንድሜ ትንሽ ልጅ ሳለ ሲያለቅስ ይመታዋል፤ ስለተመታ ሲያለቅስ ደግሞ ስላለቀሰ ይመታዋል። እኔ ጮኼ ስለምከራከር እጥፉን እቀምስ ነበር። እሱ ግን ዘዴ አገኘ፤ ፊቱን ዘግቶ መቆም። አይን እንኳን አያርገበግብም። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሲመቱት እንኳ አያለቅስም» እያለ ያመሰግነው ነበር። አሁን ሳስበው ያን ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ቀስቅሼ ብሰድባቸው ደስ ይለኛል። ልጅ ማልቀስ ሲያቆም ምን እንደሆነ መጠየቅ የትልቅ ሰው ነው፣ ጨዋ ሆነ ብሎ ማጨብጨብ ግን የማን ነው?

በዚያው ፊቱ አደገ። ጎማ ቤት ተቀጥሮ ሥራ ተማረ፣ ቆይቶ የራሱን ከፈተ። አገባ። ልጅ ስትወለድለት ወደ እኔ መጥቶ፣ «እትዬ፣ እጄን አላነሳባትም። ድምፄንም አላነሳባትም» አለኝ። ቃሉን ጠብቋል። በልጁ ላይ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ችግሩ፣ በሌላ በማንም ላይ አልጮኸም። ያልተመታች ልጅ ምንም አትሆንም ብሎ አሰበ።

ልጅቷ ዓመት ተኩል ሲሆናት እናቷ ሥራ አገኘች። ሩቅ ከተማ፣ ትልቅ ሆቴል ውስጥ አንሶላና ፎጣ ታጥባለች። ልጅ ይዞ መግባት አይቻልም። ፈቃድ የሚሰጧት በዓመት አንዴ ነው፤ አምና ደግሞ ጭራሽ ከለከሏት። ባልና ሚስት ተነጋግረው ተስማምተው ያደረጉት ነው፤ እዚህ ላይ የምወቅሰው ሰው የለኝም። ወንድሜ ልጁን ይዞ ሱቅ መዋል ጀመረ። የከባድ መኪና አሮጌ ጎማ መሬት ላይ አጋድሞ፣ መሐሉን በብርድ ልብስ ሞልቶ መቀመጫ ሠራላት። ጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር ሲጮህ ሥራውን ትቶ ጆሮዋን በሁለት እጁ ይሸፍንላታል። የውስጥ ጎማ ነፍቶ ውሃ ገንዳ ውስጥ ሲነክር፣ አረፋው የሚወጣበትን ቦታ በጣቷ እስክታሳየው ይጠብቃታል። ቀዳዳውን እሱ ቀድሞ አይቶታል፤ ያላየ መስሎ ይጠብቃል። ይህን የምነግራችሁ ክፉ አባት እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው።

መንደሩ ወደዳት። ጥፋቱ የጀመረው ከፍቅር መሆኑ ነው የሚያቃጥለኝ።

ፊት ለፊታችን የሚኒባስ መቆሚያ አለ። ከባለመኪኖቹ ሁሉ ዋናው «ባለሦስቱ» ነው፤ ሦስት ሚኒባስ አለው፣ የሦስቱም ጎማ የሚጠገነው እኛ ጋ ነው። ሳቁ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ለጋስ ነው፤ ሰው ሲታመም ቀድሞ መኪና የሚያስነሳው እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት ከባድ ነው፣ እኔ ግን ተሳክቶልኛል። አንድ ቀን ልጅቷ ብስኩት እየበላች ሳለ ነጠቃት። ለጨዋታ። አለቀሰች። «አይ አይ፣ ማልቀስ የለም! ‹ሌባ› በይኝ» አላት። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም። በተኮላተፈ አፏ «ሌባ» አለችው። መቆሚያው በሳቅ ፈነዳ። ብስኩቱ ተመለሰላት፣ ከረሜላ ተጨመረላት፣ ትከሻው ላይ ሰቅሎ አዞራት፣ ሁሉም እየተቀባበለ ሳማት።

በቃ። ልጅ ሞኝ አይደለችም። ስታለቅስ ብስኩቷ እንደማይመለስ፣ ስትሳደብ ግን ዓለም ሁሉ እንደሚስማት በአንድ ቀን ገባት።

ከዚያ ወዲያ «ቃሪያ» የሚል ስም አወጡላት። ጨዋታውም ስም አገኘ፤ «ኑ፣ ቃሪያን እናናድዳት» ይባባላሉ። ጠዋት ሥራ እስኪሞቅ፣ ከሰዓት ተሳፋሪ ሲጠፋ፣ የደበረው ሁሉ ወደ ጎማ ቤቱ ይመጣል። ጫማዋን ይደብቃሉ። መቀመጫ ጎማዋ ላይ ሰው ይቀመጥበታል። «አባትሽን ልንሸጠው ነው» ይሏታል። ጡጫዋ ይጨበጣል፣ ፊቷ ይቀላል፣ ከዚያ ስድቡ ይፈሳል። ሲስቁላት እጇን ትዘረጋለች፣ መዳፏ ላይ ከረሜላ ይቀመጣል። ፀጉር አስተካካያችን ራሱ አንድ ፀጉር የለውም፤ «መላጣ» እንድትለው ያስተማራት እሱው ነው። ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ምላጭ በእጁ ይዞ፣ «እስቲ ጥሪኝ» ይላታል። ባለሱቁን «ሆዳም» ነው የምትለው። «እሳት የላሰች ልጅ» ይሏታል፣ እየኮሩ።

ከሁሉም በላይ የሚያናድዳትን ያገኘው ባለሦስቱ ነው። «እናትሽ እኮ እዚያ ሌላ ልጅ አገኘች። ቆንጆ ናት፣ እንዳንቺ አትሳደብም። አንቺን ለእኛ ሰጠችሽ» ይላታል። ይህን ስትሰማ የምትሰድበው ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይብሳል። ስለዚህ ደጋግሞ ይላታል።

መቀሴን እንደያዝኩ ወጣሁበት። «አንተ ሰው፣ ነፍስ የላትም? እውነት ይመስላታል እኮ!»

«ሳጅን መጣች!» አለ እጁን ወደ ላይ እያነሳ። «አንቺ ደግሞ ጨዋታ አታውቂም። ልጅ እንዲህ ሲሆን ነው የሚጠነክረው።»

«ጠንክራ ምን ልታደርግልህ ነው? ጎማ ልትሸከምልህ?»

ሳቁ። እኔም መሣቂያቸው ሆኜ ተመለስኩ። ወንድሜን ስይዘው፣ ብሎን እየፈታ ቀና ሳይል፣ «ይሁን እትዬ፣ ይወዷታል እኮ» አለኝ። ይወዷታል! መውደዳቸውን ማን ካደ? ትልቅ ሰው የሚወደውን ልጅ ልቡን እየጎረጎረ የሚስቅበት ምን የሚሉት ፍቅር ነው? እንዲህ ያደረጉት በትልቅ ሰው ላይ ቢሆን ኖሮ ፖሊስ ይጠራ ነበር። ልጅ ስለሆነች ጨዋታ ተባለ።

እሁድ እሁድ እናቷ ትደውላለች። ድሮ ስልኩን ትስመው ነበር፣ ምራቋ እስኪያረጥበው። እያደር ግን ስልክ ሲጮህ ከጎማው ክምር ኋላ መደበቅ ጀመረች። «ልጄን አቅርብልኝ» ትላለች እናት። «እየተጫወተች ነው» ይላል ወንድሜ። እውነት መስሎት ነው። ሰው ከሚወደው ተደብቆ እንዴት እንደሚቀመጥ ከማንም በላይ ፊቱን ዘግቶ ያደገው እሱ ማወቅ ነበረበት።

አራት ዓመት ሲሞላት መዋዕለ ሕጻናት አስገባናት። ቦርሳዋን ከጂንስ ቁራጭ እኔ ሰፋሁላት። ሳምንት ሳይሞላ ተጠራን። ርዕሰ መምህርቷ ደከም ያለች፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። «ልጃችሁ ትሳደባለች፣ ከዚያ ትማታለች። ወላጆች እያጉረመረሙብኝ ነው። በዚህ ወር ካልተሻሻለች ማቆየት አልችልም» አለችን። ወንድሜ የተለመደችዋን ቃል ሊናገር አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥኩትና «አስተማሪዋን እናነጋግር» አልኩ።

አስተማሪዋ ገና ወጣት ናት፤ እጅጌዋ ላይ ቀለም ፈሶባታል። ብዙ አልተናገረችም። በመስኮት ቆመን እንድናይ ብቻ ጠየቀችን።

ሁለት ሕጻናት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው በእንጨት ኩቦች ቤት ይሠራሉ። ቃሪያ ራቅ ብላ ታያቸዋለች። አብራቸው መጫወት እንደፈለገች ለማንም ግልጽ ነው፤ ቤቱ ከፍ ባለ ቁጥር እሷም በእግር ጣቶቿ ከፍ ትላለች። ቀሚሷን በእጇ አስተካከለች። ፈገግ አለች። ሄዳ ፊታቸው ቆመችና ደስ በሚል፣ ሞቅ ባለ ድምፅ «የውሻ ልጆች!» አለቻቸው። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ ጠበቀች።

አንደኛዋ ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ቃሪያ ግራ ገባት። ከዚህ የከፋ ስድብ ሞከረች፤ ፈገግታዋ እንዳለ ነው፣ መዳፏም እንደተዘረጋ ነው። ሁለተኛው ልጅ ጀርባውን ሰጣት። የመታችው ያኔ ነው።

ወንድሜ ከመስኮቱ ራቀ። አላለቀሰም፤ ማልቀስ ያቆመው ድሮ ነው። «ሰላም ማለቷ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ» አለች አስተማሪዋ። «ሌላ መንገድ አታውቅም። ስትናደድና ስትሳደብ ሰው ሁሉ ሲወዳት ነው ያየችው። እዚህ ግን ሲያለቅሱባት፣ እሷንም የጠሏት ይመስላታል።»

በዚያች ሰዓት መቆሚያውን በሙሉ በመቀስ ብቆራርጠው አልጠግብም ነበር።

ወንድሜ ያን ዕለት መንገዱን ተሻገረ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ የሚጠርገው ነገር ካለቀ በኋላም እየጠረገ፣ «ወንድሞቼ፣ ልጄን አታናድዱብኝ። ስድብ አታስተምሩብኝ። በሞቴ» አላቸው። ማሉለት። ፀጉር አስተካካዩ አናቱን እያሻሸ መሬት መሬት አየ። ባለሦስቱ ግን ተቀየመ።

«እኛ እኮ ነን ያሳደግናት። ዛሬ መጥፎ ሆንን?»

«እንደሱ አላልኩም፣ ጋሼ።»

«አጠገባችን ቆመህ ስታይ አልነበር? መቼ ተው አልከን?»

ይህ እውነት ነው፤ ወንድሜ እጁን መጥረጉን ቀጠለ። ቢሆንም ባለሦስቱ እሺ አለ።

ከማግስቱ ጀምሮ ቃሪያ ስትሳደብ ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ። ጎበዞች! ሲያበላሹም በጅምላ፣ ሲያስተካክሉም በጅምላ። ልጅቷ ከሱቅ ወደ መቆሚያ፣ ከመቆሚያ ወደ ፀጉር ቤት ተመላለሰች። «መላጣ!» አለች በሩ ላይ ቆማ። ዝም። «መላጣ! መላጣ!» ዝም፤ በመስታወቱ ውስጥ ሰረቅ አድርጎ አያት እንጂ አልዞረም። ትናንት አንገቷን ሲስሙ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ምን እንዳጠፋች የነገራት የለም። እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ድምፅ ሳታሰማ። ያን ልቅሶ አውቀዋለሁ፤ ወንድሜ ልጅ ሳለ፣ ማልቀስ ሊያቆም ሲል፣ እንደዚያ ነበር የሚያለቅሰው።

ወንድሜ ዘንድ ሄጄ ጮህኩበት። «ከልጅ እጅ አንድ ነገር ስትወስድ ሌላ ነገር ታስይዛለህ! ባዶ እጇን አስቀርተሃት አንተ ቁጭ ብለህ ጎማ ትልጣለህ!» እንደ ልማዱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል ብዬ ነበር። ሞረዱን አስቀመጠና ወጥቶ፣ ከደጃፉ አንስቶ ታቅፏት ተመለሰ።

በማግስቱ ደንብ አወጣ። ጎማ ቤት የሚገባ ሁሉ ከምንም በፊት ጎንበስ ብሎ ቃሪያን ይጨብጣል፣ እሷም «እንደምን ነህ?» ትለዋለች። ያልጨበጣት ሰው ጎማው አይነካለትም። ሾፌሮቹ ቀለዱ፣ ግን ጎንበስ አሉ። በመጀመሪያው ቀን «እንደምን ነህ፣ ሌባ?» ነበር የምትለው። ወንድሜ አጠገቧ ተንበርክኮ፣ «ስድቡን ተይው፣ እጁን ያዢ» ይላታል። ደግማ ትሳደባለች፣ ደግሞ ይላታል። በመሐል የሚሠራው ጎማ ይቆማል፣ ደንበኛ ይነጫነጫል፣ እሱ ግን ከጉልበቱ አይነሳም። እያደር ስድቡ ሳሳ። አንድ ቀን አስተማሪዋ በር ድረስ ወጥታ ጠበቀችን። ቃሪያ በመስኮት ባየናት ዕለት ያስለቀሰቻትን ልጅ እጇን ይዛ «እንደምን ነሽ?» ብላታለች፤ ልጅቷም አንድ ኩብ ሰጥታታለች። ወንድሜ እስከ ሱቅ ድረስ እያፏጨ ሄደ። ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ተረፈች ብለን አሰብን።

በወሩ መጨረሻ እናቷ ፈቃድ ለምና መጣች።

ከሰዓት በኋላ ነው። ወንድሜ የባለሦስቱን ሚኒባስ በክሪክ አንስቶ የኋላ ጎማውን ፈትቷል፣ ባለሦስቱ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል። እናትየው መቆሚያው ጋ ወርዳ መንገዱን ተሻገረች፣ ሻንጣዋን መሬት ላይ ጥላ ሁለት እጇን ዘረጋች። ቃሪያ አውቃታለች፤ ፎቶዋ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። አንድ እግሯን አነሳች፣ መልሳ አሳረፈች። ያች ቅጽበት የእሷ ነበረች። ትንሽ ቢተዉላት ኖሮ መንገዱን ታገኘው ነበር ብዬ አምናለሁ። ባለሦስቱ ግን ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ተናገረ፣ እጇም ላይ ከረሜላ አስቀመጠ። ያላትን በኋላ በገዛ አፉ አምኗል፤ «አንዴ ስደቢያት፣ ለሳቅ» ነው ያላት። ለሳቅ!

ቃሪያ ወደ እናቷ ሄደች። ፈገግ አለች። «የውሻ ልጅ!» አለቻት።

መቆሚያው ሳቀ። የማሉት ሁሉ ሳቁ። ፀጉር አስተካካዩ ከነምላጩ በሩ ላይ ወጥቶ ሳቀ። እናትየውም ምን ማድረግ እንዳለባት ጠፍቷት ለመሳቅ ሞከረች። ልጅቷ ግን አልጨረሰችም። ማንም ሳይነግራት፣ ፈገግታዋ እየጠፋ፣ «ሂጂ ወደ ልጅሽ!» አለች። «ቆንጆዋ ልጅሽ ጋ ሂጂ!»

ሳቁ ቆመ። «የቷ ልጄ?» አለች እናትየው። ከእኔ ወደ ሾፌሮቹ፣ ከሾፌሮቹ ወደ ባሏ ዞረች። «የቷን ልጅ ነው የምትለኝ? ምን ብላችሁ ነገራችኋት?»

ወንድሜ ጮኸ።

«ጥፋ ከዚህ!» አለው ባለሦስቱን። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ነበር፣ መሐል ላይ ተሰነጠቀ። «ጎማህን ይዘህ ጥፋ! ለሳቅ ነው? ልጄ ለሳቅ ናት? እናቴ ጣለችኝ ብላ ስልክ ሲጮህ ስትደበቅ የኖረችው ለሳቅ ነው?» የፈታውን ጎማ ብድግ አድርጎ ወደ መንገዱ ለቀቀው፤ ተንከባሎ የመቆሚያውን አጥር መትቶ ወደቀ። ባለሦስቱ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ…» ሲል አላስጨረሰውም። አፉ የመጣለትን ሁሉ አወረደበት። የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ ፊቱ ደም መሰለ፣ ጡጫው ተጨበጠ። እኔ ይህን ቁጣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። ሲመጣ ግን ደስ አላለኝም፤ የመጣው ከሚገባው ጊዜ በጣም ዘግይቶ ነው።

ቃሪያ መጀመሪያ ደነገጠች። አባቷ ሲጮህ አይታ አታውቅም። የተጨበጠውን ጡጫ አየች፣ የቀላውን ፊት አየች፣ ስድቡን ሰማች፣ ዙሪያውን የቆመውን ሰው አየች። ከዚያ የገባት መሰላት። በሳቅ ፈነዳች። አጨበጨበች። ወደ አባቷ ሮጣ ግራሶ የተቀባውን ጡጫውን በሁለት እጆቿ ታግላ ከፈተችና ከረሜላዋን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ጎበዝ አባዬ!» አለችው። «ደግመህ ተናደድ።»